የከበሮው ምት የት ገባ

መስከረም 20፣ 2018፣ ማክሰኞ

ላፕቶፔ ዛሬ አረፈ። ማለቴ ሃርድ ዲስኩ። ጠዋት ስከፍተው ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ክርክር ክርክር አለና ጥቁር ስክሪን አሳይቶኝ ዝም አለ። ስምንት ዓመት አገልግሎኛል፣ አልተቀየምኩትም። የከፋኝ ጊዜው ነው። ዘመነ ጽጌ ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ እኔ ደግሞ ትናንት አፌን ሞልቼ ቃል ገብቻለሁ።

ቃሉን የገባሁት ለመሪጌታ ወልደ ሰንበት ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ደመቀች ጋር እዚህ ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገቡ አምስተኛ ዓመታቸው ነው። እዚያ አገራቸው ሃያ ዓመት አቋቋም አስተምረዋል። ከበሮውን፣ ጸናጽሉንና መቋሚያውን አስማምቶ ማሕሌት መምራት ከባድ ትምህርት ነው፤ እኔ ዲያቆን ሳለሁ እዚያ ሳልደርስ ስላቋረጥኩ እጅና እግር እንዴት እንደሚገናኙ ዛሬም አላውቅም። የምስክር ወረቀታቸው ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል።

አሁን አንኮበር ያለ አንድ ደብር የአቋቋም መምህር ይፈልጋል፣ ቤትም ይሰጣል። አስተዳዳሪው አለቃ ዘሥላሴ በስልክ፣ "ወረቀት ከሌላቸው አንድ ማሕሌት ሙሉውን ሲመሩ እንይ። እኛ ጋ የቀረነው ሦስት ሽማግሌ ነን፤ እዚህ መጥተው ከማን ጋር ይቆማሉ? እናንተ ዘንድ ይቀረጹና ይላክልን" አሉኝ። ኅዳር 6 ለሚውለው የቁስቋም በዓል መምህር መቅጠር አለባቸው። ሌላ አመልካችም አለ ይባላል።

የደብራችንን ማሕሌት የምቀርጸው እኔ ነኝ። ኮሌጅ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ኮምፒዩተር ያስተማርኩትም እኔው። "የኔታ፣ የእርስዎ የምስክር ወረቀት ከእኔ ላፕቶፕ ይወጣል" አልኳቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ሥርጉት ሱቅ ሄድኩ። ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒዩተር ትጠግናለች፣ ትሸጣለች። ሁለት ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። አንዱ ሃይብሪድ ነው፤ እንደ ድሮው ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ሃርድ ዲስክ፣ ግን ትንሽ ፈጣን ማስታወሻ የተጨመረለት። ሌላው ኤስኤስዲ፤ የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ሁሉም ነገሩ ቺፕ።

"መምህር፣ ምን ሊሠሩበት ነው?"

"ማሕሌት ልቀርጽበት።"

"እንግዲያው ኤስኤስዲውን ይውሰዱ።"

"ስንት ይይዛል?"

"አምስት መቶ ጊጋ።"

"ሃይብሪዱስ?"

"ሁለት ሺህ። ግን መምህር፣ ፈጣኑ ክፍል ስምንት ጊጋ ብቻ ነው። አዲስ የሚቀርጹት ነገር የሚሄደው ሳህኑ ላይ ነው፣ ሳህን ደግሞ..."

አቋረጥኳት። የጽጌ ማሕሌት በየሳምንቱ ነው፣ አንዱ ሌሊት ብቻ ስንት ሰዓት ነው። ስፋቱም ፍጥነቱም በአንድ ዕቃ እያለልኝ ለምን ግማሹን እወስዳለሁ? "ይኸን ሁሉ ማን አስተማረሽ?" አልኳት ለመቀለድ።

"እርስዎ" አለች።

ሃይብሪዱን ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ደንበኞች ባይኖሩ ኖሮ ምናልባት ትንሽ አዳምጣት ነበር። ግን ነበሩ።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ድል ነው። መክፈቻውን ተጭኜ በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ ላፕቶፑ ይከፈታል። ድሮ ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ ነበር የምጠብቀው። ለሥርጉት ደውዬ ነገርኳት። "ደስ ይላል መምህር። የሚደጋግሙትን ነገር ያስታውሳል፣ ለዚያ ነው" አለች። ድምፅዋ ደስ ያለው ሰው ድምፅ አይመስልም። ቅናት ይሆናል።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ከማሕሌት መመለሴ ነው። ደክሞኛል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ዛሬ ሙከራ ነበር፣ የኔታ የሚመሩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ለላፕቶፑ ቦታ ጠፍቶ ተጨንቄ ነበር፣ ጥግ ላይ የማይመታ አንድ ትልቅ አሮጌ ከበሮ ቆሞ አየሁ። ቁመቱ ልክ፣ ፊቱ ሜዳ። ነጠላ አለበስኩትና ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚህ የተሻለ ጠረጴዛ ታዝዞም አይሠራም። ቄሰ ገበዝ ኪዳነወልድ አይተው፣ "ከበሮ ጠረጴዛ አይደለም" አሉኝ። እኚህ ሰው የማይቆጡበት ነገር የለም።

ቀረጻው ጥሩ ነው። አልፎ አልፎ ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ድምፁም ይዘላል። ገመድ መሆን አለበት።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሙሉውን አዳመጥኩ። ዜማው ብቻ ሲሆን አንድም ቦታ አይዘልም። የሚዘለው ከበሮው ሲገባ ነው። ዝግ ብሎ ሲመታ ትንሽ፣ ሲፈጥን ደግሞ በላይ በላዩ።

ማይክሮፎኑ ከበሮው ስለሚበዛበት ነው። ገመዱን ለወጥኩ፣ ማይክሮፎኑን አርቄ እሰቅላለሁ። ዲስኩማ ዛሬም በሰከንድ ነው የከፈተልኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

የኔታ መሩ። እኔ አቋቋም አላውቅም፤ ጆሮ ግን አለኝ። ከበሮውን ከአንገታቸው ሲያወርዱ ካህናቱ ሁሉ ላብ በላብ ሆነው ይስቁ ነበር። ቄሰ ገበዝ እንኳ ፈገግ አሉ። ለወትሮው ጥርሳቸው አይታይም።

ላፕቶፑ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገመድ አዲስ፣ ማይክሮፎን ሩቅ። አሁንም ይዘላል። ከፍቶበታል እንጂ አልተሻለውም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ከኮሌጅ ፈቃድ ወስጄ ስቆርጥ ዋልኩ። ምስሉ ቀጥ ያለበትን ቦታ ሁሉ እያወጣሁ ገጣጠምኩት። አርባ ሦስት ቦታ። አሁን እንደ ውኃ ይፈሳል፣ እንደተቆረጠ ማንም አያውቅም። ፍላሽ ላይ ገልብጬ በአንኮበር ሚኒባስ ላክሁ። እንዲህ ነው ሥራ ማለት።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

አለቃ ዘሥላሴ ደወሉ። በጨዋ ደንብ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ አዝመራውን ጠየቁኝ። ከዚያ፣ "ድምፃቸው መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከበሮው ግን ይስታል። እጃቸው ከእግራቸው አይገናኝም፤ ሦስታችንም ነው ያየነው። ምናልባት መከራው አድክሟቸው ይሆናል። ተማሪ አደራ ልንሰጣቸው አንችልም" አሉ።

ምን አልኩ? "እሺ አባቴ" አልኩ። ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። ስልኩ እስኪዘጋ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነበረኝ።

ለየኔታ ሄጄ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። "አንተም ምቱን ስስት ሰምተኸኛል?" አሉኝ።

"እኔ አላውቅበትም የኔታ" አልኳቸው።

እውነት ነው፣ አላውቅበትም። እውነቱን ተናግሬ ለምን እንደዋሸ ሰው እንደሚሰማኝ አላውቅም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

የኔታ ዛሬ ከበሮ አልያዙም። ሲሰጧቸው፣ "ወጣቶቹ ይምቱ" ብለው ከኋላ ቆሙ። መቋሚያቸውን እንኳ አላነሱም።

ስወጣ ወይዘሮ ደመቀች በር ላይ ጠበቁኝ። ባለፈው እሑድ ከሴቶቹ በኩል ሆነው በስልካቸው የቀረጹት ነገር አለ፣ ሦስት ደቂቃ ብትሆን ነው። "እስቲ ይመልከቱት መምህር። የቱ ጋ ነው የሳቱት?" አሉኝ። አየሁት። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ የሰው ጀርባ ይጋርደዋል። ከበሮው ግን አንድም ቦታ አይስትም። እግራቸው መሬት ሲነካ እጃቸው ቆዳው ላይ ነው።

"ስልክ ሁሉን ነገር አይዝም፤ ያስተካክላል" አልኳቸው።

ስልክ አያስተካክልም። አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ስልክ የጠፋ ምት ፈልጎ እንደማያመጣ አውቃለሁ። ወይዘሮዋ ግን አመኑኝ፤ "መምህር ካሉ" ብለው ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ መለሱት። ምሳ አልበላ አለኝ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ቆርጬ ከገጣጠምኳቸው ቦታዎች አንዱን ከፈትኩና ጠዋት ከወይዘሮዋ ስልክ ካስገለበጥኩት ቀረጻ ጋር አስተያየሁት። ጎን ለጎን። እሳቸው ጋ ሰባት ምት ያለበት ቦታ እኔ ጋ አምስት ነው።



ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሥርጉት ሱቅ ገባሁ። ዛሬም ደንበኞች ነበሩ። እየሰሙ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሃይብሪዱን፣ ዝላዩን፣ ቆረጣውን።

"ላፕቶፑን የት ላይ ነው የሚያስቀምጡት?" አለች።

"ከበሮ ላይ።"

አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ሱቁን ዘግታ አብራኝ መጣች፤ ቄሰ ገበዝን ለምነን አሮጌውንና የሚመታውን፣ ሁለቱንም ከበሮ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ አስወጣን። አሮጌውን አንድ ጥግ አቆመችው። ቄሰ ገበዝን ሌላው ጥግ ሄደው የሚመታውን እንዲመቱ ጠየቀቻቸው። "መምህር፣ እጅዎን አሮጌው ላይ ያድርጉ" አለችኝ።

አደረግሁ። ማንም ያልነካው ከበሮ እጄ ሥር ይንቀጠቀጣል። ወዲያ በተመታ ቁጥር ወዲህ ያለው ቆዳ ይመልሳል። እኔ ደግሞ የሚሽከረከር ሳህን ያለበትን ዕቃ እሱ ላይ አስቀምጬ ሁለት ሳምንት ገመድ ስለውጥ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ቀረጻ አስጀመረችና ላፕቶፑን ላዩ ላይ አኖረችው። ቄሰ ገበዝ መቱ። ምስሉ ቀጥ አለ። "ሳህኑ በደቂቃ አምስት ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል፣ የሚጽፈው መርፌ ደግሞ ከፀጉር በቀጠነ መስመር ላይ ነው የሚሄደው" አለች። "ሲንቀጠቀጥ መስመሩን ይስታል፣ እስኪያገኘው ይቆማል፣ እስከዚያ የመጣው ድምፅ ይጠፋል። ላፕቶፑ ቶሎ የሚከፈትልዎ በየቀኑ የሚደጋግሙትን ስለሚያስታውስ ነው። የየኔታን ምት ግን ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም።"

"ከበሮ ጠረጴዛ አይደለም ብዬ ነበር" አሉ ቄሰ ገበዝ። አሁንስ ደግመው ደጋግመው ይበሉ፣ መብታቸው ነው።

ሌላ ቦታ ባስቀምጠውስ አልኳት። "ቅኔ ማሕሌቱ ወለሉ ጣውላ ነው፣ አርባ ሰው ያሸበሽብበታል። የት ያስቀምጡታል?" አለች። ኤስኤስዲውን ገጠመችልኝ። ስፋቱ አይበቃም ያልኩትንም በአንድ ቃል ፈታችው፤ በኤስኤስዲው ቀርጾ፣ ቤት ሲገቡ ሃይብሪዱ ላይ መገልበጥ። "መደርደሪያ ላይ በሰላም ሲቀመጥ ጥሩ ዕቃ ነው" አለች። ሁለት ሺህ ጊጋ ያለ ሥራ አልቀረም፣ ሥራው ተለወጠ እንጂ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን ሙሉ ወደ መጠለያው ልሄድ ስነሳ ሌላ ጉዳይ እያስታወስኩ እመለስ ነበር። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

የኔታ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ነበር። ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ። አልተቀመጥኩም።

"የኔታ፣ እጅዎ አልሳተም። ምቱን ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። የማሽኑን ነገር አይገባቸውም ብዬ ነበር፤ ከእኔ ቀድመው ነው የገባቸው። አንዱ ከበሮ ሲመታ ሌላው እንደሚመልስ ከልጅነታቸው ያውቁታል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ስንት ቦታ ቆረጥህ?"

"አርባ ሦስት።"

"ቤቴ ሲቃጠል እንኳ እጄን አልጠረጠርኩትም ነበር" አሉ። "ይኸን ሳምንት ጠረጠርኩት።"

ያንን ዓረፍተ ነገር እዚህ የጻፍኩት እንዳልረሳው ነው። ጉልበታቸውን ስስም ራሴን ደገፍ አድርገው አነሱኝና፣ "ይቅር ይበልህ፤ እሑድ ከበሮውን እይዛለሁ" አሉ። ወይዘሮ ደመቀች ግን ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል። "እሳቸው ይቅር ቢሉዎት እኔ ዛሬ አልልዎትም" አሉኝ። "ስልኬን ሐሰተኛ አድርገውብኛል። እሑድ ሲመቱ አይቼ እነግርዎታለሁ።"

ደስ አለኝ። የሚገባኝን የሰጡኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

አልተኛሁም፣ መተኛትም አልፈልግም።

ላፕቶፑን ጣውላው ላይ ባዶውን አስቀመጥኩት። ሥርጉት በርጩማ ያድርጉለት ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ፤ ዛሬ ግን ለትዕቢት አይደለም። ከካህናቱ መሐል ሆኖ እንዲፈተን ነው የፈለግሁት።

መጀመሪያ ዝግ ያለው ነበር። የኔታ ጀመሩ፣ ካህናቱ መቋሚያውን ወዲያ ወዲህ አሉት። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። ከዚያ መፍጠን መጣ። ወለሉ እግሬ ሥር ይነዋወጣል፣ ከጎኔ ያለው የሻማ ማስቀመጫ ይንቀጫቀጫል። የኔታ ከበሮውን ይዘው ዞሩ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ። የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው። የሃያ ዓመቱ ልጅ ሁሉ እሳቸውን ለመከተል አፉን ከፍቷል። ቀረጻው ይቆጥራል፤ ደቂቃው ያልፋል፣ ሰዓቱ ያልፋል፣ የጠፋ ምስል ዜሮ። ዜሮ። ሲነጋም ዜሮ።

አልቅሻለሁ፣ ይጻፍ።

ወይዘሮ ደመቀችን ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘኋቸው። ጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋቸው፣ የኔታ ሲዞሩ ያለውን ቦታ ከፈትኩላቸው። እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። "አሁን ይቅር ብያለሁ" አሉኝና መልሰው ከመጀመሪያው እንድከፍትላቸው አዘዙኝ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

በሚኒባስ አልላክሁም። ራሴ ይዤው አንኮበር ሄድኩ። መንገዱ ሲያነጥር ላፕቶፑን ከፍቼ ጭኔ ላይ አድርጌ ማሕሌቱን አጫውት ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያዳምጥ መጣ። አንዴም አልቆመም። አጠገቤ የተቀመጡት ባልቴት፣ "እኚህ መሪጌታ የየት ናቸው?" ሲሉኝ፣ "የአንኮበር" አልኳቸው። ገና አልተወሰነም ነበር፤ አፌ ዛሬም አላረፈም።

አለቃ ዘሥላሴና ሁለቱ ሽማግሌዎች ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። "ያው ሰውዬ ናቸው?" አሉኝ አለቃ።

ቆሜ ተናገርኩ። "አባቶቼ፣ ባለፈው የሰማችሁት ስሕተት የየኔታ አይደለም። ማሽን የመረጥኩት፣ የተበላሸውን የቆረጥኩት፣ ስትነቅፏቸው ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸኛው ያልተቆረጠ ነው።" ከዚያ ከፈትኩት።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ዳኛ ተቀምጠው አዩ። ከዚያ የአለቃ ግራ እግር መንቀሳቀስ ጀመረ። አንደኛው ሽማግሌ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መቋሚያቸውን ሳቡ። ከበሮው ሲፈጥን ሦስቱም ቆመዋል፤ በዚያች ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ከላፕቶፑ ጋር ያሸበሽባሉ። እኔ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ቦታ ለቀቅሁላቸው። ሲያልቅ አለቃ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ "ሦስት ብቻችንን ነበርን፤ አሁን አራት ሆንን" አሉ። "ለቁስቋም እሳቸው ይምሩ። ከዚያ በፊት ቤቱን ይረከቡ።"

እጃቸውን ስሳለም ደግሞ፣ "አንተ ግን ዕድሜ ልክህን ከበሮ እንዳትነካ" አሉኝ። ቃል ገባሁ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ዛሬ አስገባናቸው። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የድንጋይ ቤት ነው፣ ሁለት ክፍል፣ የጣውላ በር። አለቃ ዘሥላሴና አዲሶቹ ተማሪዎች መንገድ ድረስ ወጥተው ፍራሹንና ድስቱን ተሸከሙ። የኔታ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው ቀስ እያሉ መጡ፤ ገና ሳይገቡ አንዱ ተማሪ አረማመዴን ያስተካክሉልኝ ብሏቸው መንገድ ላይ አስጀመሩት።

ወይዘሮ ደመቀች ምንም አልተሸከሙም። ከሁላችን ቀድመው ወደ በሩ ሄዱ። መጠለያው ውስጥ በር የለም፣ ሸራ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ገለጥ አድርጎ ይገባባቸው ነበር። ጣውላውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ገፉት፣ ሳቡት። ከዚያ ገቡና ዘጉት። መወርወሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማነው።

አለቃ፣ የኔታ፣ እኔና ተማሪዎቹ ዕቃ እንደታቀፍን ብርዱ ላይ ቀረን። ትንሽ ቆየን። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው አንኳኩ።

"ማን ነው?" አሉ ወይዘሮ ደመቀች ከውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ ወልደ ሰንበት።"

"ትንሽ ይቆዩ" አሉ። እየሳቁ ነበር።

የኔታ ወደ እኛ ዞረው ቆዩ ተብለናል አሉን፣ እኛም ቆየን።